ንድፉ ከሥራው ጋር ይታረም

የተማሪዎች ውጤት በኮምፒዩተር መመዝገብ ከተጀመረ ወዲህ «እኛ ምን እናድርግ፣ ሲስተሙ ነው» የሚል ምክንያት እየተለመደ መጥቷል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ እምነት ግን ችግሩ ብዙውን ጊዜ ከማሽኑ ሳይሆን ሶፍትዌሩ ሲሠራ ከሚሣለው ንድፍና ከሚጻፈው ሰነድ ይመነጫል የሚል ነው።

ምሳሌ እንውሰድ። ለውጭ አገር የተነደፈ ፕሮግራም ዓመቱን 12 ወር፣ ስምንም የራስና የቤተሰብ ብሎ ያስቀምጣል። የእኛ ዓመት 13 ወር ነው፤ ስማችንም የራስ፣ የአባትና የአያት። ንድፉ ሳይመረመር እንዳለ ከተወሰደ፣ መርሳ ላይ ጳጉሜን 3 ቀን የተወለደች ልጅ የልደት ቀኗ መጻፊያ ያጣል። የአባትና የልጅ «የቤተሰብ ስም» ስለሚለያይም ማሽኑ ባዕድ ያደርጋቸዋል።

ታዲያ ምን ይበጃል? አንዳንዶች እ.ኤ.አ. በ1997 መደበኛ ሆኖ በጸደቀው ዩ.ኤም.ኤል. በተባለው የንድፍ ቋንቋ ሁሉም ነገር አስቀድሞ ተሥሎ፣ ተፈርሞ ይለቅ ይላሉ። በሌላ በኩል፣ እ.ኤ.አ. በ2001 በአሜሪካ ዩታ ግዛት የተሰበሰቡ 17 ባለሙያዎች የአጃይልን መግለጫ አወጡ፤ ከሰነድ ብዛት የሚሠራ ሶፍትዌር ይቅደም አሉ። ይህን የሰሙ «እንግዲያውስ መጻፍ ቀረ» ብለው ደመደሙ። የለም! መግለጫው ሰነድን ሁለተኛ አደረገ እንጂ አልሻረም።

መምህር ነገሩን ያውቀዋል። ዓመታዊ ዕቅድ በመስከረም ይወጣል፤ የዕለቱ ዕቅድ ግን ክፍሉ እየታየ ይታረማል። ዕቅዱን ከቶ የማያርምና ጨርሶ የማያቅድ መምህር፣ ሁለቱም ተማሪውን ይጎዳሉ። ሶፍትዌርም እንዲሁ ነው። ንድፉ ከመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ ጋር በጥቁር ሰሌዳ ላይ ይሣል፤ ከሥራዋ ጋር ያልገጠመው ይደምሰስ፤ የጸናው በአንድ ገጽ ይጻፍ። ምን እንደተወሰነ ብቻ ሳይሆን ለምን እንደተወሰነም ይስፈር። ፕሮግራሙ በተለወጠ ቁጥር ገጹም ይለወጥ፤ ቀን ይጻፍበት።

ያቺ ገጽ በወረቀት ታትማ ሌላ ቦታም ትቀመጥ። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ በነበረው ጦርነት፣ ወልድያ ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ በከተማችን ብዙ ተቋማት መዘረፋቸው አይዘነጋም። ኮምፒዩተር ተመልሶ ይገዛል። በአንድ ሰው ጭንቅላት ብቻ የነበረ አሠራር ግን ሰውየው ሲሄድ አብሮ ይሄዳል፤ የተማሪው ውጤትም ፈቺ ያጣል።

ነገ በሀብሩ ቀበሌዎች የምትመደቡ እጩ መምህራን! አዲስ ሲስተም ሲመጣላችሁ «ንድፉ የታለ? ለምንስ እንዲህ ሆነ?» ብላችሁ ጠይቁ። ጳጉሜን ከሌለችበት አስምሩበትና መልሱት።