ግንቡን የገነቡትና ግንቡን የሸጡት

ፒንክ ፍሎይድ ስለተባለው የእንግሊዝ የሙዚቃ ጓድ በተነሳ ቁጥር አንድ የተለመደ ትረካ ይደገማል። ሮጀር ዋተርስና ዴቪድ ጊልሞር ጠባያቸው አልጣጣም ብሎ ተጣሉ፤ በዚህም የተነሳ ጓዱ ፈረሰ ይባላል። ይህ ትረካ ለወሬ ከመመቸቱ በቀር አንዳች ነገር አያስረዳም። ጠባያቸው የማይጣጣም ሰዎች በየሙያው ሞልተዋል፤ ሁሉም ግን በአንድ ስም ባለቤትነት ፍርድ ቤት አይካሰሱም። መጠየቅ የሚገባው፣ ብዙ እጅ ያረፈበት ሥራ በምን መንገድ የጥቂቶች ንብረት ሆነ የሚለው ነው።

ጓዱ በ1965 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለንደን ውስጥ ሲቋቋም ዋተርስ፣ ከበሮ መቺው ኒክ ሜሰንና ኦርጋን ተጫዋቹ ሪቻርድ ራይት በሥነ ሕንፃ ትምህርት ቤት የተዋወቁ ወጣቶች ነበሩ። ስሙን ያወጣውና የመጀመሪያዎቹን ዘፈኖች አብዛኛውን የደረሰው የሥዕል ተማሪው ሲድ ባረት ነው። እርሱም ቢሆን ስሙን የወሰደው ከሁለት ጥቁር አሜሪካውያን የብሉዝ ሙዚቀኞች፣ ከፒንክ አንደርሰንና ከፍሎይድ ካውንስል ነበር። ኋላ በሕግ የታጠረውና በገንዘብ የተተመነው ስም ከመነሻው የተውሶ ስም መሆኑን አንባቢ ልብ ይሏል። ባረት አእምሮው ታውኮ በ1968 ከጓዱ ተለየ፤ ቦታውንም ጊልሞር ያዘ።

በ1973 የወጣው «የጨረቃ ጨለማ ጎን» የተባለው ሸክላ ጓዱን ከዓለም ታላላቅ ባለሀብት ሙዚቀኞች ተራ አሰለፈው። እስከ 1988 ድረስ ብቻ በአሜሪካ የሽያጭ ሠንጠረዥ ላይ ከ700 ሳምንታት በላይ ተመዝግቧል። በዚህ ሸክላ ውስጥ አንዲት ሴት ያለ ቃል፣ በጩኸትና በእንጉርጉሮ ብቻ ሞትን የምትጋፈጥበት ዜማ አለ። ራይት የኦርጋኑንና የፒያኖውን መሠረት አኖረ፤ በላዩ የተንሳፈፈውን ዜማ ግን በዚያች የእሑድ ምሽት እዚያው ማይክሮፎኑ ፊት ቆማ የፈጠረችው ክሌር ቶሪ ናት። የተከፈላት 30 ፓውንድ ሲሆን፣ በደራሲነት የተጻፈው የራይት ስም ብቻ ነበር። ከ30 ዓመት በኋላ፣ በ2004፣ ክስ መሠረተች፤ በ2005 ጉዳዩ ከፍርድ ቤት ውጪ በስምምነት አለቀና ስሟ ከራይት ጎን ተጻፈ። «ደንቡ ያኔ እንዲህ ነበር» የሚሉ ተከራካሪዎች አሉ። ደንቡን ማን አወጣው? ማንንስ ጠቀመ? ለዚህ መልስ ሲሰጡ አይሰሙም።

በ1979 መጨረሻ የወጣው «ግንቡ» ነገሩን ይበልጥ ያጋልጠዋል። የዚህ ሥራ ዝነኛ ዘፈን የተማሪን አእምሮ የሚያደቅ ትምህርትን ይቃወማል። በዘፈኑ ውስጥ የሚዘምሩት ልጆች በለንደን የኢዝሊንግተን ግሪን ትምህርት ቤት 23 ተማሪዎች ናቸው። ልጆች ይግቡበት የሚለው ሐሳብ የፕሮዲዩሰሩ የቦብ ኤዝሪን ነበር። የሙዚቃ መምህራቸው ይዟቸው ሄደ፤ ዘመሩ፤ ድምፃቸው በመሣሪያ ተባዝቶ እንደ ብዙ ሕዝብ ሆኖ ተሰማ። ትምህርት ቤቱ 1,000 ፓውንድ ተሰጠው። ከሸክላው ሽያጭ ለልጆቹ የሚደርስ ድርሻ ግን አልታሰበም፤ አድገው ድርሻቸውን መጠየቅ የጀመሩት በ1996 የወጣ ሕግ መንገዱን ከከፈተላቸው በኋላ፣ በ2004 ነው። ልጅን የግንብ ጡብ አታድርጉ የሚል ዘፈን ልጆችን ለራሱ ግንብ ጡብ አድርጎ ተጠቀመባቸው ቢባል ማጋነን ይሆናልን?

ይህ ማለት ግን ሥራው ከንቱ ነው ማለት አይደለም። በ1980 በደቡብ አፍሪካ የዘር መድልዎ አገዛዝ ሥር የነበሩ ጥቁርና ክልስ ተማሪዎች የተመደበላቸውን ዝቅተኛ ትምህርት በመቃወም ከክፍል ወጥተው ይህንኑ ዘፈን የተቃውሞ መዝሙር አደረጉት፤ መንግሥቱም ዘፈኑን አገደ። ለንደን ውስጥ ሸቀጥ የነበረው ድምፅ እዚያ ሌላ ሕይወት አገኘ። ያን ሕይወት የሰጡት እነዚያ ተማሪዎች እንጂ አሳታሚው ድርጅት አይደለም።

«ግንቡ» በሚቀረጽበት ጊዜ መሥራቹ ራይት በዋተርስ ግፊት ከአባልነት ተሰናበተ፤ ለመድረኩ ግን በደመወዝ ተቀጠረ። በ1980 እና በ1981 የቀረበው ትርኢት እጅግ ውድ ስለነበር ኪሳራው በሦስቱ ባለድርሻዎች ላይ ወደቀ፤ ከትርኢቱ ገንዘብ ይዞ የወጣው ደመወዝተኛው ራይት ብቻ ሆነ። ይህን እንደ ቀልድ የሚያወሩት ብዙዎች ናቸው። የገዛ ጓዱን በጋራ ያቆመ ሰው በዚያው ጓድ ተቀጣሪ መሆኑ የሚያስቀው ምኑ ላይ ነው?

ዋተርስ በ1985 ጓዱን ለቅቆ በ1986 ስሙ እንዳይሠራበት ከሰሰ። ደጋፊዎቹ ግጥሙም ሐሳቡም የእርሱ ስለሆነ ስሙም የእርሱ ነው ይላሉ። የጊልሞር ጊታር፣ የሜሰን ከበሮ፣ የራይት ኦርጋን፣ የቶሪ ጩኸት፣ የልጆቹ ዝማሬ በየትኛው ሚዛን ተመዝኖ ነው ከግጥሙ በታች የዋለው? በ1987 መጨረሻ በተደረገው ስምምነት «ግንቡ»ን በመድረክ የማሳየት መብት ለዋተርስ ሲደርስ ስሙ ለጊልሞርና ለሜሰን ቀረ። በትርኢቱ ላይ ስለሚንሳፈፈው በአየር የተነፋ አሳማ እንኳ ክርክር ነበር! ዋተርስ ራሱ በ2013 ክሱ ስሕተት እንደነበረ ተናግሯል።

በ1985 ለኢትዮጵያ ረሃብተኞች የተካሄደው ላይቭ ኤድ 20ኛ ዓመቱን ሲይዝ፣ ሐምሌ 2 ቀን 2005፣ አራቱ በለንደን ሃይድ ፓርክ መድረክ ላይ አብረው ተጫወቱ። በማግስቱ የሸክላዎቻቸው ሽያጭ አሻቀበ። ጊልሞር ከዚህ የሚያገኘውን ትርፍ ለበጎ አድራጎት እንደሚሰጥ አስታውቆ ሌሎችም እንዲከተሉት ጠየቀ። በረሃብ ስም በተጠራ መድረክ ሽያጭ መድራቱ ያሳፈረው ሰው መገኘቱ ሊመሰገን ይገባል፤ አራቱ ግን ከዚያ ወዲህ አብረው አልተጫወቱም። ባረት በ2006፣ ራይት በ2008 አረፉ።

በ2024 ሶኒ የተባለው ኩባንያ የጓዱን ቅጂዎች፣ ስሙንና ምስሉን ወደ 400 ሚሊዮን ዶላር በሚገመት ዋጋ ገዛ። የግጥምና የዜማ ድርሰት መብት በሽያጩ አልተካተተም፤ ቶሪ በክስ ያገኘችው ድርሻ የሚገኘው በዚህኛው በኩል ነው። የኢዝሊንግተን ልጆች ድምፅ ያለው ግን በተሸጡት ቅጂዎች ውስጥ ነው።