ስለ ጥሬ ሰላጣና ስለ ፍራፍሬ አዘገጃጀት



በደጋው አገራችን ማዕድ ላይ በጾም ሽሮውና ምስሩ፤ በፍስክም ሥጋው በክብር ሲቀርብ፤ ጥሬ ቅጠል ግን የበግ ምግብ ነው እየተባለ ብዙ ጊዜ ሲናቅ ይታያል። ዛሬ ስለዚህ ነገር ጥቂት ልናመለክት የፈለግነው የቤተ ሰብ ጤና ከጓሮ እንደሚጀምር ስለምናምን ነው።

የመቅደላ አምባ ስም ዐፄ ቴዎድሮስ ባለፉበት ቀን፤ በሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፤ በዓለም ሁሉ ታውቋል። ይሁን እንጂ ያ አገር ከታሪኩ ሌላ ለባለ ጓሮ ሰው የሚሰጠው በረከት አለው። ከአምባው በታች በሽሎ በጥልቅ ሸለቆ ይወርዳል፤ በመካነ ሰላም በኩልም ምድሩ ወደ ዐባይ በረሃ ይዘቀዘቃል። ሰላጣ ብርድ ይስማማዋል፤ ሙቀት ሲበዛበት ግንዱ ይረዝማል፤ ቅጠሉም ይመራል። ሎሚና ብርቱካን ግን ሙቀት ይወዳሉ። ስለዚህ ደጋና ቆላ በአንድ ሣህን ላይ ሊገናኙ ይችላሉ ማለት ነው።

ጥቅሙም ቀላል አይደለም። አረንጓዴ ቅጠልና ካሮት ለዐይን የሚያስፈልገውን ቪታሚን ኤ ለሰውነት ያስገኛሉ፤ ይህ የጎደለበት ሕፃን በዳፍንት ይያዛል፤ ቢብስበትም ሊታወር ይችላል። ይህም ቪታሚን ከሰውነት ጋራ የሚዋሐደው ቅባት ሲያገኝ ስለ ሆነ፤ በሰላጣው ላይ የሚፈሰው ዘይት ለጣዕም ብቻ አይደለም። ሎሚና ብርቱካን ደግሞ በምስርና በጤፍ ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነት እንዲቀበል ይረዳሉ። በ1747 እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ጄምስ ሊንድ የተባለው የእንግሊዝ መርከብ ሐኪም ድዳቸው እየደማ የታመሙትን መርከበኞች በልዩ ልዩ ነገር ሲሞክር፤ ፈጥነው የዳኑት ብርቱካንና ሎሚ የበሉት ነበሩ።

ነገር ግን ጥሬ ቅጠል በንጽሕና ካልተያዘ ጤና ሊሰጥ ሲገባው በሽታ ያመጣል። የሰው ዐይነ ምድር በደረሰበት መሬት ወይም በቆሸሸ ውሃ የበቀለ ሰላጣ የወስፋትና የአሜባ መተላለፊያ ነው። ቅጠሉን አንድ በአንድ ፈልቅቆ፤ አፈሩን በብዙ ውሃ አስለቅቆ፤ በመጨረሻ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ማለቅለቅ ይገባል። በደጋ ውሃ በአነስተኛ ሙቀት ስለሚፈላ፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ባለ አገር ከፈላ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ። ሎሚው ተሐዋስያኑን ሁሉ ይገድላል ብሎ መተማመን ግን አይገባም።

ለ6 ሰው የሚበቃው እንዲህ ነው። 2 ራስ ሰላጣ አጥቦ፤ በንጹሕ ጨርቅ አድርቆ፤ በእጅ መቆራረስ ነው። የውጪው ጠቆር ያለ ቅጠል ከውስጡ ነጭ ይበልጥ ስለሚጠቅም አይጣል። 2 ብርቱካን ልጦ ፍሬውን አውጥቶ መክፈል፤ በወራቱም ከሆነ 1 ኮክ ጨምሮ መክተፍ፤ 1 ካሮት መፈቅፈቅ።

ማጣፈጫውም 6 የሾርባ ማንኪያ የኑግ ወይም የሱፍ ዘይት፤ 2 የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ፤ 1 የሻይ ማንኪያ ማር፤ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ሰናፍጭና ጥቂት ጨው ነው። ይህን ሁሉ በጠርሙስ ከድኖ አጥብቆ መናጥ ነው፤ ዘይቱና ሎሚው ቶሎ እንዳይለያዩ ሰናፍጩ ያስተሳስራቸዋል። ጨው ቅጠሉን ስለሚያጠወልግ፤ የሚፈሰው እንግዳው እጁን ታጥቦ ማዕዱ ሲቀርብ ብቻ ነው። ቅቤ ስለሌለበትም ለጾም ይሆናል።

እንግዲህ የቤት እመቤቶች ከጓሯቸው አንድ መደብ ለሰላጣ እንዲለዩ፤ አባቶችም በልጆቻቸው ፊት ቀድመው እንዲቀምሱ እናሳስባለን። ልጅ አባቱ የናቀውን አይበላምና።