ሥራ ለቆ ሌላ ሥራ ለሚጠብቅ ሰው አራት ቀን እንስጠው



እንደሚታወቀው በዚህ ሰሌዳ ላይ የምንለጥፈው ጽሑፍ አብዛኛውን ጊዜ ስለ ወርኃዊ መዋጮ፣ ስለ ድንኳንና ወንበር፣ ስለ ቦይ ጠረጋ ነው። ዛሬ ስለ እረፍት ልንጽፍ ተነሥተናል። ነገሩ ቅንጦት መስሎ የሚታየው ሰው ቢኖር እንኳ እስከ ታች ድረስ እንዲያነብልን እንለምናለን፤ ጉዳዩ የማኅበራችንን ደንብ የሚነካ ሆኖ አግኝተነዋልና።

በሠፈራችን ሥራ የሚቀይር ሰው በዝቷል። ድሮ አንድ ሰው አንድ መሥሪያ ቤት ከገባ ጡረታ እስኪወጣ እዚያው ነበር፤ ወንበሩም እሱም አብረው ያረጁ ነበር። አሁን ከግል ክሊኒክ ወደ ሆስፒታል፣ ከአንዱ ትምህርት ቤት ወደ ሌላው፣ ከባንክ ወደ ባንክ፣ ከነጋዴ ቤት ወደ ፋብሪካ መዘዋወር የተለመደ ሆኗል። የመቱ ዩኒቨርሲቲ በ2004 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህማ መጪውም ሂያጁም በርክቷል። ታዲያ ሰውየው አንዱን ሥራ ከለቀቀበት ቀን እስከ ሌላው መጀመሪያ ድረስ አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት ክፍት ይሆናል። ይህች ክፍት ጊዜ ምን ትሆናለች? የዘመድ ትሆናለች። «ሥራ ፈትተህ ተቀምጠህ የለም ወይ» እየተባለ አንዱ ጣሪያ እንዲያድስለት፣ ሌላው ልጁን አዲስ አበባ እንዲያደርስለት፣ ሦስተኛው ለሽምግልና እንዲቀመጥለት ይጠራዋል። ሰውየው አዲሱን ሥራ የሚጀምረው ከለቀቀበት ቀን ይልቅ ደክሞ ነው።

ይህ ጉዳይ ቀላል እንዳልሆነ ሕጉን ያየ ሰው ይረዳዋል። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ሠራተኛ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀናት የዓመት እረፍት ከነደመወዙ አለው፤ ከዚያም በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመርለታል። ነገር ግን የመጀመሪያውን እረፍት የሚያገኘው አንድ ዓመት ካገለገለ በኋላ ነው። የሙከራ ጊዜ የሚባለውም እስከ 60 የሥራ ቀናት ሊደርስ ይችላል፤ በሙከራ ላይ ያለ ሰው ደግሞ «ፈቃድ ስጡኝ» ለማለት እንኳ አፉ አይታዘዝለትም። (የመንግሥት ሠራተኞች የምትተዳደሩት በሌላ አዋጅ ስለሆነ የእናንተን ከሰው ሀብት ክፍላችሁ ጠይቁ።) እንግዲህ አስቡት። ሥራ የቀየረ ሰው በእነዚያ ጥቂት ቀናት ካላረፈ ዓመት ሙሉ የሚያርፍበት ቀን የለውም። እኛ ስለ እረፍት የምንከራከረው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ሠፈር እንምጣ። ባለፈው በጋ አንዲት የማኅበራችን አባል፣ በጤና ሙያ የምታገለግል እኅታችን፣ አንዱን ሥራ ለቃ ሌላውን ልትጀምር ዘጠኝ ቀን ሲቀራት ለእናቷ ተናግራ ብቻዋን ጎሬ ሄደች። ሦስት ሌሊት አድራ ተመለሰች። በመጀመሪያው ቀን እናትየዋን «ታመመች እንዴ?» ብለው ጠየቋቸው። በሁለተኛው ቀን «ተጣልታ ወጥታ ነው» ተባለ። በሦስተኛው ቀን የተባለውን እዚህ ሰሌዳ ላይ ልንጽፈው አንፈልግም፤ ያላችሁት ታውቁታላችሁ። በዚያው መካከል ቀብር ነበረ፤ ስም ሲጠራ አልተገኘችም፤ በደንቡ መሠረት ተቀጣች። ቅጣቱን ሳታጉረመርም ከፈለች። ያንገበገባት ገንዘቡ ሳይሆን እናቷ ለሦስት ቀን በር ላይ ቆመው መልስ ሲሰጡ መክረማቸው ነው።

ይኸው ነገር በወንድም ላይ ይደርሳል። ወንዱ ብቻውን ሲሄድ «የሥራ ስንብት ገንዘቡን ሊጠጣበት ነው» ይባላል። ሰው ጠበል ሄደ ሲባል ግን ማን ይጠይቃል? ዚያራ ሄደ ሲባልስ? «ያድርስህ፣ በሰላም ይመልስህ» ይባላል እንጂ ለምን ብቻህን የሚለው የለም። አባቶቻችን ለነፍስም ለሥጋም ከቤት ወጣ ብሎ መክረም ደግ መሆኑን ያውቁ ነበር ማለት ነው። ሊያርፍ የሄደ ሰውስ ምን አጠፋ? ሕመም ካልሆነ ወይም ለቅሶ ካልሆነ በቀር ሰው ከቤቱ አይወጣም ብሎ ማን ደነገገ?

ለምን ብቻውን? ከጓደኛው ጋር አይሄድም ወይ? የሚል ጥያቄም ሰምተናል። ከጓደኛ ጋር መሄድ መልካም ነው፤ ግን እሱ ሽርሽር ነው። ከጓደኛ ጋር ሲኬድ ማን ይክፈል፣ የት እንብላ፣ መቼ እንነሣ የሚል ሥራ አለበት። ዘመድ ቤት መሄድም እንዲሁ። ስጦታ መያዝ አለ፣ የዘመዱን ክስ መስማት አለ፣ ያልበሉትን ብሉ መባል አለ። ለዓመታት አለቃ ሲያዘው፣ በሽተኛ ሲጠራው ወይም ተማሪ ሲጮኽበት የኖረ ሰው ግን ለጥቂት ቀን ማንም የማይጠራው ቦታ ያስፈልገዋል። ሲፈልግ ይተኛል፣ ሲፈልግ ይሄዳል፣ ቡናውን ሦስተኛ ድረስ ዝም ብሎ ይጠጣል። ይኸን ኩራት አድርገን ባናየው መልካም ነው።

የት ይሂድ? አዲስ አበባ እንዳይል። ከእኛ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በአውቶቡስ መሄጃውና መመለሻው ብቻ ሁለት ቀኑን ይበላበታል፤ የቀረውን ዘመድ ይበላዋል። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ እንደሚባለው ኢሉባቦር ውስጥ ያለው ይበቃል።

በመጀመሪያ ሶር አለ። ይኸው በከተማችን የሚያልፈው ወንዝ በበቾ ወረዳ ውስጥ ፏፏቴ ሆኖ ይወርዳል። እስከ በቾ በመኪና፣ ከዚያ በጫካ ውስጥ በእግር ይኬዳል። ጉሬዛው ከዛፍ ዛፍ ሲዘል እያዩ መሄድ ነው። ከእኛ መካከል ስንቱ ነው በሶር ኃይል ማመንጫ መብራት ያደገ፣ ግን ፏፏቴውን አይቶት የማያውቅ! ከሩቅ አገር ፈረንጅ መጥቶ ያየዋል፤ እኛ ግን ልብስ የምናጥብበት ወንዝ ስለሆነ እንንቀዋለን። ጧት ወጥቶ ማታ መመለስ ስለሚቻል የአልጋ ኪራይ የለበትም። የአካባቢውን ልጅ መንገድ መሪ አድርጎ መያዝ ይገባል፤ መንገዱ ያንሸራትታል፤ ገደሉ ጠርዝ ላይ ፎቶግራፍ ለመነሣት መጣደፍም ደግ አይደለም። በክረምት አይሞከር። የእኛን ክረምት ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ ሌላው አገር በመስከረም ሲያባራ እኛ ገና ጃንጥላ አናስቀምጥም። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ይሻላል።

ሁለተኛዋ ጎሬ ናት። ከእኛ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብትሆን ነው፤ አየሩ ግን ሌላ ነው። መቱ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር አካባቢ ስትሆን ጎሬ ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፤ ጧት ጧት ጉም ከተማዋን ይሸፍናታል፤ ብርድ ልብስ ሳይደርቡ አይተኛም። ጎሬ እንደዛሬው ዝም ያለች ከተማ አልነበረችም። የራስ ተሰማ ናደው መቀመጫ፣ የኢሉባቦር ዋና ከተማ ነበረች፤ ቡናው በእሷ በኩል ወደ ጋምቤላ ወርዶ፣ በባሮ ወንዝ በመርከብ ወደ ሱዳን ይሄድ ነበር። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን ሲይዝ የመንግሥቱ መቀመጫ ለጥቂት ወራት ጎሬ ሆነ፤ ራስ እምሩም እዚያው ደርሰው ነበር። በኋላ ዋና ከተማነቱ ወደ መቱ ሲዛወር ጎሬ ጸጥ አለች። ለማረፍ ለሚፈልግ ሰው ግን ይኸ ጸጥታዋ ነው ሀብቷ። የጥንቱን ዘመን ቤቶች እያዩ፣ አረጋውያኑን ሰላም እያሉ፣ ማንም «የማን ልጅ ነህ?» ከማለት በቀር ሌላ ነገር ሳይጠይቅ ሦስት ቀን ይታደራል።

ወደ በደሌ በሚወስደው መንገድ ሁሩሙን አልፎ ያዮ አለች። ጫካዋ በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበ ነው፤ ሰው ሳይተክለው በገዛ እጁ የበቀለ ቡና በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር የሚገኝበት ነው። ጫካው የጥበቃ ክልል ስላለው ዝም ብሎ አይገባም፤ ከወረዳው መጠየቅ ያስፈልጋል። የቡና ለቀማ ወራት ሲሆን ደግሞ ነጋዴው ስለሚበዛ አልጋ አስቀድሞ መያዝ ነው። በደሌ ሞቅ ያለች ከተማ ናት፤ ቢራ ፋብሪካውም አለ፤ እሷን ለሌላ ጊዜ ብናቆያት ይሻላል እንላለን፤ እረፍት የወጣ ሰው ራሱን ታሞ እንዳይመለስ። ጋምቤላ መውረድ የፈለገም የየካቲትንና የመጋቢትን ሙቀት አስቀድሞ ያስብ።

የትም ይሂድ፣ መንገዱ ሰላም መሆኑን በዕለቱ መናኸሪያ ሄዶ ሾፌሮችን ይጠይቅ፤ ከመሸ በኋላ አይጓዝ። የት እንደሚያድር ለአንድ ሰው ይናገር፤ ለአንድ ብቻ። ስልኩን ቀን ቀን አጥፍቶ ማታ አንዴ ቢከፍተው ይበቃል።

ስለ ገንዘቡ ጥቂት እንበል። ሠራተኛ በፈቃዱ ሲለቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። ውሉ ሲቋረጥ ደመወዙና ሌላው ክፍያ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ ሊከፈለው ይገባል፤ ያልተጠቀመበት የዓመት እረፍት ካለም በገንዘብ ይታሰብለታል። ብዙዎቻችሁ ይህችን የመጨረሻዋን ሳትጠይቁ እንደምትወጡ እናውቃለን፤ ጠይቁ። ርክክብ ሳይጨርሱ፣ መልቀቂያና የሥራ ልምድ ማስረጃ ሳይዙ ደግሞ መንገድ አይገባም፤ አእምሮው መሥሪያ ቤት የቀረ ሰው ጎሬ ቢሄድም አያርፍም። ገንዘቡ እጅ ሲገባ በቅድሚያ የቤት ኪራይና የአንድ ወር ተኩል አስቤዛ ይቀመጥ፤ አዲሱ ቤት የመጀመሪያውን ደመወዝ የሚከፍለው ወሩ ሲያልቅ ነውና። ከተረፈው ላይ የመንገድ ይውጣ። ሌላም የሚረሳ ነገር አለ፤ የመሥሪያ ቤት መታወቂያ ሲለቁ ይመለሳል፤ ሆቴል ደግሞ መታወቂያ ይጠይቃል። የቀበሌው ጊዜው አልፎ እንደሆነ ከመነሣት በፊት ይታደስ፤ ፋይዳ ያለውም እሱን ይያዝ።

«ይኸ ሁሉ ሥራ ላገኘ ሰው ነው፤ ተባርሮ ለተቀመጠው ምን ትሉታላችሁ?» የሚል ይኖራል። እውነቱን ነው። የቅጥር ደብዳቤ በእጁ የሌለው ሰው ገንዘቡን በአልጋ ኪራይ ይጨርስ አንልም። ግን እሱም ቢሆን ከጧት እስከ ማታ በር ላይ ተቀምጦ «አገኘህ? አላገኘህም?» ሲባል መዋሉ ሥራ አያስገኝለትም። ምሳውን በፌስታል ቋጥሮ አንድ ቀን ሶርን አይቶ ቢመለስ የሚከስረው የትራንስፖርት ብቻ ነው። እኛም ጥያቄያችንን ብንቀንስለት ደግ ነው።

ከዚህ በላይ በገለጽነው ምክንያት በሚቀጥለው ወርኃዊ ስብሰባ አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። በደንባችን ከቀብርና ከለቅሶ ቤት ለመቅረት ምክንያት ተብለው የተቆጠሩት ሕመም፣ ወሊድ፣ የመሥሪያ ቤት ጉዞና የሩቅ ለቅሶ ናቸው። አንድ አባል ሥራ ሲቀይር በዓመት አንድ ጊዜ፣ ከአራት ቀን ላልበለጠ ጊዜ፣ ከመሄዱ በፊት ለጽሕፈት ቤቱ አስመዝግቦ ቢሄድ እንዳይቀጣ «እረፍት» የሚለው ቃል እንዲጨመር እንጠይቃለን። የት እንደሚሄድና ከማን ጋር እንደሚሄድ በመዝገቡ አይጻፍም፤ የሄደበትና የሚመለስበት ቀን ብቻ ይበቃል። ሌላው አባል በሱ ፋንታ ድንኳን ይተክላል፤ እሱም ተራው ሲደርስ ይከፍላል።

አንዳንድ ሽማግሌዎቻችን «ዛሬ እረፍት ካልን ነገ ሁሉም ሊያርፍ ይሄዳል፤ ሬሳ ማን ይሸኛል?» ብለው ሥጋታቸውን ገልጸውልናል። ሥጋቱ ተገቢ ስለሆነ በአንድ ጊዜ ከሁለት አባል በላይ እንዳይመዘገብ የሚል ሐሳብ ተጨምሯል። ተቃውሞ ያለው አባል በስብሰባው ላይ ተገኝቶ ይናገር፤ በየቡናው ላይ ከሚነገረው ይልቅ እዚያ የተነገረው በቃለ ጉባኤ ይያዛል።