የቅዳሜዋ ሴት ተማሪ

በየትምህርት ቤቱ የሥነ ፆታ ክበብ ዕቅድ ላይ በየዓመቱ የማይጠፋ አንድ መስመር አለ፦ «ለሴት ተማሪዎች የማጠናከሪያ ትምህርት መስጠት»። አራተኛ ክፍልም ያው ነው፣ ስምንተኛም፣ አሥራ ሁለተኛም። ልጅቷ ዩኒቨርሲቲ ስትገባም ይኸው ማጠናከሪያ «ቱቶሪያል» ተብሎ እዚያው ቆሞ ይጠብቃታል። የአሥር ዓመት ልጅና የሃያ ዓመት ወጣት በአንድ ክኒን የሚታከሙበት ሌላ ቦታ አላውቅም። ሴት መሆን በራሱ ሕመም ካልሆነ በቀር።

ለመሆኑ ክኒኑ ምንድን ነው? በአብዛኛው ከሰኞ እስከ ዓርብ የተሰጠው ትምህርት በዚያው መምህር፣ በዚያው ሰሌዳ፣ በዚያው አኳኋን ቅዳሜ ጠዋት ሲደገም ነው። ሳምንቱን ሙሉ አንዴም ስሟን ያልጠራ መምህር ቅዳሜ ማስታወሻ ያስገለብጣታል። ከ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ሁላችንም ሰምተናል። የዘወትሩ ክፍል ለወንዱም አልበጀም ማለት ነው። ለማንም ያልበጀውን ክፍል ሴቷ ሁለቴ እንድትቀመጥበት ማድረግ ደግሞ «ድጋፍ» ይባላል።

ቅዳሜ በብዙ ቦታ የገበያ ቀን ነው። እናት ገበያ ስትወጣ ቤቱን የምትይዘው፣ ልብሱን የምታጥበው፣ ታናናሾቿን የምትጠብቀው ልጅቷ ናት። ስለዚህ ትቀራለች። ስትቀር ሪፖርቱ «ሴት ተማሪዎች ተነሳሽነት ይጎድላቸዋል» ብሎ ይዘጋል። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል» የሚለውን ተረት ዛሬ ስብሰባ ላይ ደፍሮ የሚናገር የለም፤ ሪፖርቱ ግን በሠለጠነ ቋንቋ ያንኑ ይላል።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። አንደኛ ክፍል ገብቶ የተቀመጠ ሰው ሴቷ ልጅ ከወንዱ እንደማታንስ በዓይኑ ያያል። እጇን ታወጣለች፣ «እኔ ቲቸር! እኔ!» ትላለች። በዚያ ዕድሜ የሚያስፈልጋት ተጨማሪ ሰዓት አይደለም፤ ዝም ስትል አለመሸለሟ ነው። እኛ ግን «ሴቶቹን እዩ፣ እንዴት ጨዋ ናቸው!» እያልን ወንዶቹን እንገሥጻለን። የእጅ ጽሑፏ ስለሚያምር የጥናት ቡድኑ ጸሐፊ ትሆናለች። ወንዱ ያብራራል፣ እሷ ትመዘግባለች። ዓመቱ ሲያልቅ እሱ መናገር፣ እሷ መገልበጥ ተምረዋል።

ይህ የተሸለመ ዝምታ አምስተኛና ስድስተኛ ክፍል ላይ ከጉርምስና ጋር ይገናኛል። የሳይንስ መምህሩ የመራቢያ አካላት ምዕራፍ ላይ ሲደርስ «ይሄን ቤታችሁ አንብቡት» ብሎ ያልፋል። መጸዳጃ ቤቱ ውኃ የለውም፣ አንዳንዱ በርም የለውም። የወር አበባዋ የመጣባት ልጅ ሒሳብ ለመሥራት ወደ ሰሌዳ ውጪ ስትባል አትነሣም፤ የምታስበው ስለ ክፍልፋዩ ሳይሆን ስለ ቀሚሷ ነው። መምህሩ አልገባትም ብሎ ስሟን ለቱቶሪያል ይመዘግባል። ለዚህች ልጅ የሚበጃት ሞዴስ፣ ውኃና ምዕራፉን ሳያፍር የሚያስተምር መምህር ነው፤ የቅዳሜ ክፍልፋይ አይደለም።

ዘጠነኛ ክፍል ሲመጣ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። ለዓመታት በአፍ መፍቻ ቋንቋዋ እንኳ ዝም ያለች ልጅ አሁን በባዕድ ቋንቋ ጠይቂ፣ ተከራከሪ ትባላለች። ከገጠር ስንቋን ይዛ ከተማ ክፍል ተከራይታ የምትማረዋ ደግሞ ከትምህርቱ ሌላ የማታ መንገድና የአከራይ ጣጣ አለባት። ቤተ ሙከራ ካለ ዕቃውን ወንዶቹ ይይዛሉ፣ ውጤቱን እሷ ትጽፋለች። አሁንም ጸሐፊ ናት።

ዩኒቨርሲቲ በር ላይ ለሴቶች ዝቅ ያለ የመግቢያ ነጥብ ለዓመታት ሲሠራበት ቆይቷል። እኔ እሱን አልቃወምም፤ ያለ እሱ ብዙዎቹ በሩን ባላዩት ነበር። የምቃወመው የአሥራ ሁለት ዓመት ጥፋት መሸፈኛ መሆኑን ነው። ልጅቷ ዶርም ሳትደርስ «በአፈርማቲቭ የገባች» ትባላለች፤ ያላስተማራት ክፍል ግን ስም አይወጣለትም።

«ምንም ከሌለ ቱቶሪያሉም ይሻላል» የሚሉ አሉ። ይሻል ነበር፣ ሌላውን ሥራ ባያስቀር። አንዴ ቱቶሪያል ተሰጠ ተብሎ ከተመዘገበ በኋላ ግን የክፍሉን ነገር የሚጠይቅ የለም። ሌላ መንገድ ግን ነበር። ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ከጣሊያን ወረራ ነጻ ከወጣን በኋላ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትን ሲመሩ ተውኔት ይጽፉ ነበር፤ ተማሪዎቻቸውም መድረክ ላይ ወጥተው ይጫወቱት ነበር። ኋላ ራሳቸው የሕዝብ እንደራሴ ሆነው ፓርላማ ገቡ። ሴት ልጅን ድምፅዋን ሰው ፊት እንድታወጣ ማስለመድ ያኔም ይቻል ነበር።

ዛሬ ከዚያ በጣም ያነሰ ነገር ነው የምጠይቀው። ሱፐርቫይዘሩ ክፍል ሲገባ የመምህሩን የትምህርት ዕቅድ ብቻ አይመልከት፤ በአርባው ደቂቃ ውስጥ ስማቸው የተጠራው፣ ሰሌዳ የወጡት፣ ዕቃ የያዙት እነማን እንደሆኑ ይቁጠርና ይጻፍ። የቡድን መሪነቱም ጸሐፊነቱም በየሳምንቱ ይዙር። ለቅዳሜው የተያዘ ገንዘብ ካለ መጀመሪያ የመጸዳጃ ቤቱ በር ይገጠምበት።