ባለቤቱ ማነው?

የዓረፍተ ነገሩን ባለቤት ስትፈልጉ ግሡን ይዛችሁ «ማን?» ብላችሁ ጠይቁ። «ላሚቱን ውሻው ነከሳት።» ማን ነከሰ? ውሻው። ላሚቱ ብትቀድምም «ን» አለባት፤ ተነካሿ እሷ ናት። እንግሊዝኛ እንዲህ ያለ «ን» ስለሌለው ባለቤቱን አብዛኛውን ጊዜ ከግሡ በፊት በማስቀመጥ ይለየዋል። የእኛ ግን በፊደልም ይደበቃል።

እስቲ ይህን ወረቀት እዩት፦ «ከአቶ ታደሰ 100 ብር ተበድሬአለሁ።» ማን ተበደረ? አቶ ታደሰ እንዳትሉ! «ከ» አለባቸው፤ አበዳሪው እሳቸው ናቸው። የባለቤቱ ስም አልተጻፈም። ግን «አለሁ» ይላል፤ «እኔ» ማለት ነው። እኔ የተባለውስ ማነው? ከሥር የሚፈርመው ሰው ነዋ!

ይህንንም ሞክሩት፦ «ለወይዘሮ አስቴር 1 ኩንታል ጤፍ አስረክበናል።» ጤፉን ያስረከበው ማነው?