ሶብር የማይባልበት ሕመም

በዚህ ዓምድ ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ ትምህርት ስንወያይ መቆየታችን ይታወሳል። ዛሬ ግን ስለ እግር እንነጋገራለን። «ምነው ከትምህርት ወደ እግር?» የምትሉ ትኖሩ ይሆናል። ምክንያታችንን የአንድ ተማሪያችን ታሪክ ይገልጸዋል።

ልጁ የ11 ዓመት ነው። ከሮቤ ወጣ ብሎ ከሚገኝ ቀበሌ እየተመላለሰ ጧት ትምህርት ቤት ይማራል፤ ከሰዓት በኋላ እኛ ዘንድ ቁርኣን ይቀራል። ስንዴ በሚታጨድበት ሰሞን ከፈረስ ወድቆ ቅልጥሙ ተሰበረ። አባቱ እጃቸው መልካም ነው ወደሚባሉ ወጌሻ ወሰዱት። ወጌሻውም አጥንቱን አቃንተው በቀርከሃ ስንጥርና በጨርቅ ጠፍረው አሰሩት።

በማግስቱ ልንጠይቀው ሄድን። ሌሊቱን ሲጮኽ አድሯል። ከጨርቁ ጫፍ ብቅ ያሉት ጣቶቹ አብጠው ጠቁረዋል፤ ስንነካቸውም ቀዝቅዘዋል። «ኡስታዝ፣ ፍቱልኝ» አለን። እኛ ግን «አይዞህ ልጄ፣ ሶብር አድርግ፤ አጥንት ሲጠገን ያማል» ብለን፣ ዱዓእ አድርገን ተመለስን። በሦስተኛው ቀን ጩኸቱ ቆመ። ቤተሰቡም «ተሻለው» ብሎ አልሐምዱሊላህ አለ። ሕመሙ የቆመው ግን እግሩ ስለ ሞተ ነበር። በአምስተኛው ቀን ሽታ ሲመጣ ሆስፒታል ደረሰ፤ ሕይወቱን ለማትረፍም እግሩ ከጉልበቱ ላይ ተቆረጠ።

ይህን የምንጽፈው ወጌሻውን ለመክሰስ አይደለም። እነዚያን ጣቶች ያየነውና የነካነው እኛም ነን። አለማወቃችን ምን እንዳስከፈለ ካወቅን በኋላ ዝም ማለት ስላልቻልን ነው።

ታዲያ እግሩን የገደለው ምንድን ነው? ስብራቱ አይደለም። ከጉልበት በታች ያሉት ጡንቻዎቻችን በአራት ክፍሎች የተከፈሉ ናቸው፤ እያንዳንዱ ክፍል በቀላሉ በማይለጠጥ ጠንካራ ሽፋን ተጠቅልሏል። አጥንት ሲሰበር ውስጡ ይደማል፣ ያብጣልም። እብጠቱ የሚሄድበት ቦታ ሲያጣ ደም ሥሮቹን ይጫናል። ከላይ ደግሞ በስንጥር ከተጠፈረ ግፊቱ ይብሳል። ደም ያጣ ጡንቻ በስድስት ሰዓት ገደማ ውስጥ መሞት ይጀምራል። ስለዚህ ጉዳዩ የሰዓታት እንጂ የቀናት አይደለም።

ምልክቶቹን ማንኛዋም እናት ልታውቃቸው ትችላለች። አንደኛ፣ ሕመሙ ከመብረድ ይልቅ እየጨመረ ይሄዳል። ሁለተኛ፣ የእግሩን ጣቶች ቀስ ብለን ወደ ላይ ስናቃና ልጁ ከመጠን በላይ ይጮኻል። ሦስተኛ፣ ጣቶቹ ይደነዝዛሉ፤ ማንቀሳቀስም ያቅተዋል። አራተኛ፣ ጣቶቹ ይገረጣሉ ወይም ይጠቁራሉ፣ ይቀዘቅዛሉ። ይህ አራተኛው ዘግይቶ የሚመጣ ስለሆነ እሱን መጠበቅ አይገባም። ከእነዚህ አንዱ ሲታይ የታሰረውን ወዲያውኑ ፈትቶ ወደ ሆስፒታል መሮጥ ነው። በሆስፒታል የታሰረ ጀሶም ቢሆን ሊጠብ ይችላልና ወዲያው ተመልሶ ማስከፈት ያስፈልጋል። መፍታቱ ብቻ ካልበቃ ቀዶ ሐኪሙ ቆዳውንና የጡንቻዎቹን ሽፋን በቁመት ሰንጥቆ ግፊቱን ያስተነፍሳል። ቁስሉ ለቀናት ክፍት ሆኖ ይቆይና በኋላ ይዘጋል። ሲያዩት ያስፈራል፤ እግር የሚያተርፈው ግን እሱ ነው።

«ራጅ ተነስቷል፣ ደህና ነው» የሚለው አባባልም መታረም አለበት። ጀርመናዊው ሮንትገን እ.ኤ.አ. በ1895 ያገኘው ራጅ አጥንትን ያሳያል። ሐኪሙ ከፊትና ከጎን አስነስቶ፣ ጉልበቱንና ቁርጭምጭሚቱንም ጨምሮ አይቶ፣ አጥንቱ የት እንደተሰበረና ምን ያህል እንደተዛነፈ ያውቃል። ደም ወደ ጡንቻ መድረሱን ግን ራጅ አያሳይም። ይህን የሚነግሩን የሕመምተኛው አንደበትና የእግሩ ጣቶች ናቸው።

የቁርጭምጭሚት ወለምታ ሁሉ ራጅ አያስፈልገውም። የካናዳ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1992 ያወጡት መመሪያ ሊጠቅመን ይችላል። የተጎዳው ሰው አራት እርምጃ መራመድ ካቃተው፣ ወይም ከቁርጭምጭሚቱ ጎንና ጎን ያሉት አጥንቶች ከኋላ ጠርዛቸው ወይም ከጫፋቸው ሲጫኗቸው የሚያሙ ከሆነ ራጅ መነሳት ይገባዋል።

ብዙ ቤተሰብ ከሆስፒታል የሚሸሸው «እነሱ ይቆርጣሉ» በሚል ፍርሃት ነው። በልጆች ላይ የሚደርስ የቅልጥም ስብራት ግን አብዛኛው ያለ ቀዶ ሕክምና በጀሶ ብቻ ይድናል። አጥንቱ ቆዳውን ቀዶ ከወጣ ግን በቶሎ ታጥቦና መድኃኒት ተሰጥቶ መጸዳት አለበት። የአዋቂ ሰው ቅልጥም ሲሰበር ደግሞ በአጥንቱ ውስጥ ብረት ሊገባ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1999 በአሜሪካ የተቋቋመው ሳይን የተባለ ድርጅት በቀዶ ሕክምናው ወቅት አጥንቱን በስክሪን የሚያሳየው ውድ መሣሪያ በሌለበትም ሊገባ የሚችል ብረት ሠርቷል። ይህ ብረት በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታልም ሲሠራበት ቆይቷል። መቁረጥ የመጨረሻው አማራጭ ነው፤ ወደዚያ የሚያደርሰንም አብዛኛውን ጊዜ የእኛው መዘግየት ነው።

እኛ የባሌ ሰዎች መንገዳችን ረጅም ነው። ሮቤም ጎባም ሆስፒታል አላቸው፤ የጎባው የመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ሪፈራል ሆስፒታል ነው። ከደሎ መና የሚመጣ ሕመምተኛ ግን የሰነቴን ብርድ አቋርጦ ነው ጎባ የሚደርሰው። ስለዚህ ለመንገዱ እግሩን እንዴት እንደምናስር እንወቅ። እግሩን አይሹት፣ አይጎትቱት። ቀጥ ያለ እንጨት በጨርቅ ጠቅልለው ከግራና ከቀኝ ያድርጉና ላላ አድርገው ይሰሩት። ጣት በማሰሪያው ሥር ማለፍ አለበት። የእግሩ ጣቶች አይሸፈኑ፤ በየመንገዱ ይታዩ።

«ጀሶ ከታሰረ ውዱእ እንዴት ይሆናል?» ብለው የሚጨነቁም አሉ። ፉቀሃዎች በስንጥር ወይም በጀሶ ላይ በእርጥብ እጅ ማበስን የፈቀዱት ለዚሁ ችግር ነው። ተየሙም ይጨመር አይጨመር በሚለው ላይ መዝሀቦች ስለሚለያዩ ዝርዝሩን በአካባቢያችሁ ያሉ ዓሊሞችን ጠይቁ። መቆም ያልቻለም ተቀምጦ ይሰግዳል። ስለ ውዱእ ብሎ ሕክምና የሚተው ሰው ሊኖር አይገባም።

መቁረጥ ግድ ቢሆንስ? ከመዲና ታላላቅ ፉቀሃዎች አንዱ የነበሩት ዑርዋ ኢብኑ ዙበይር ወደ ሻም በተጓዙበት ጊዜ እግራቸው በበሽታ ተበልቶ ሐኪሞች ወደ ላይ እንዳይዘልቅ እንዲቆረጥ መከሩ። እሳቸውም መስማማታቸውን ታሪክ ጸሐፍት ይዘግባሉ። የእሳቸው ሶብር ሐኪም የመከረውን ከተቀበሉ በኋላ የመጣ ሶብር ነው። እኛ ለዚያ ልጅ ያዘዝነው ሶብር ግን በሕክምናው ፋንታ የቀረበ ነበር። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አንድ እግር ነው።

ወጌሻዎቻችንም ጠላቶቻችን አይደሉም። ዶክተር መኮንን እሸቴ እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጽሑፍ እንደገለጹት፣ በአገራችን ለወጌሻዎች የአንድ ቀን ትምህርት ተሰጥቶ ከጠባብ ማሰሪያ የሚመጣው የእግርና የእጅ መሞት ቀንሷል። አንድ ቀን ብቻ! ይህን በየመስጊዳችን ማድረግ ያቅተናል? ከጁሙዓ በኋላ ወጌሻዎቻችንን በክብር ጠርተን ከአንድ የጤና ባለሙያ ጋር ብናስቀምጣቸው ወጪው አንድ ጀበና ቡና ነው።

ተማሪያችን ዛሬ በክራንች ይመጣል፤ ሒፍዙንም አላቋረጠም። አባቱ «ቀደር ነው፣ ኡስታዝ» ይሉናል። አዎ፣ የሆነው ሁሉ በአላህ ቀደር ነው። ሆኖም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መድኃኒት እንድንሻ አስተምረውናል። ልጁ «ፍቱልኝ» ብሎን ነበር። እናንተ ቤት የታሰረ እግር ካለ ይህን ገጽ አስቀምጡና ሄዳችሁ ጣቶቹን ተመልከቱ።

ወላሁ አዕለም። በሚቀጥለው ወር ኢንሻ አላህ እንገናኝ።