ብልጭ ድርግም ስለሚል የመኪና መብራትና «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ስለሚለው ጽሑፍ

በመርካቶ በሶማሌ ተራ በሚገኙት የመኪና መለዋወጫ ሱቆች ውስጥ ከመደርደሪያው በላይ ተለጥፎ የሚነበብ አንድ ጽሑፍ አለ፤ ይኸውም «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ነው። በአንዳንዱ ሱቅ «በተለይም የኤሌክትሪክ ዕቃ» የሚል ቃል ታክሎበታል። ጽሑፉ ያለ ምክንያት የተለጠፈ አይደለም። ገዥው አምፑሉን ወስዶ፣ በተሳሳተ ሽቦ አስሮ ካቃጠለው በኋላ «እንዲህ ሆኖ ነው የሸጣችሁልኝ» ብሎ የሚመጣበት ጊዜ ስላለ፣ ባለሱቁ ራሱን በመከላከሉ ሊወቀስ አይገባውም። ነገር ግን ይህ ልማድ ዛሬ በብዛት በሚሸጡት የኤል ኢ ዲና የዜኖን የፊት መብራቶች ላይ ሲሠራበት ገዥውን ብቻ ሳይሆን ሻጩንና አስመጪውንም የሚጎዳ ሆኖ ስላገኘሁት፣ ሐሳቤን በዚህ ጋዜጣ ለመግለጥ ወደድሁ።

ሥራዬ በእህል በረንዳ በአንድ የእህል ነጋዴ ዘንድ ጸሐፊነት ነው። ስለ መብራት መናገር የሚገባው የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ እንጂ ጸሐፊ አይደለም የሚል ሰው ቢኖር እውነት አለው። ሆኖም የመኪናው ኪራይ፣ የጭነቱ መዘግየት፣ ሾፌሩ ለመለዋወጫ ያወጣው ገንዘብ፣ ሁሉም ተጽፎ የሚያልፈው በእኔ ጠረጴዛ ላይ ነው። ከአርሲ ስንዴ፣ ከጎጃም ጤፍ ጭነው ወደ እኛ ከሚመጡት አይሱዙዎች ብዙዎቹ በማለዳ ለማራገፍ ሲሉ ሌሊቱን የሚጓዙ ናቸው። በዚያ ሰዓት የኩንታሉም የሾፌሩም ደኅንነት በሁለት አምፑሎች ላይ የተንጠለጠለ ነው።

ባለፈው ዓመት ከእኛ ጋር በኪራይ የሚሠራ አንድ መኪና በአንድ ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ የፊት አምፑል የገዛበት ደረሰኝ ቀረበልኝ። ሾፌሩን ጠርቼ ብጠይቀው፣ መብራቱ በመንገድ ላይ ብልጭ ድርግም እያለ ስላስቸገረው ከአርሲ ስንዴ ጭኖ ሲመጣ አንድ ሌሊት ሞጆ ላይ ቆሞ እንዳደረ፣ አምፑሉን ወደ ሻጩ ቢመልሰውም የተለጠፈውን ጽሑፍ በጣታቸው አሳይተው እንደ ሸኙት ነገረኝ። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ መኪናውን አየው። ጥፋቱ የተገኘው ከመብራቱ ወደ መኪናው አካል በሚታሰረው የኔጌቲቭ ሽቦ ላይ ነበር፤ ብሎኑ ዝጎ ሽቦው ተላቅቆ ነበር። ሽማግሌው ዝገቱን በሸካራ ወረቀት ፍቆ፣ ብሎኑን አጥብቆ መለሰው። ከዚያ ወዲህ መብራቱ አልተርገበገበም። «ተበላሹ» ተብለው በሾፌሩ መሳቢያ የተጣሉት ሁለት ጥንድ አምፑሎችም ሲሞከሩ ደኅና ሆነው ተገኙ።

ከዚህ በኋላ ነገሩን እየጠየቅሁ ስከታተለው ለመረዳት የቻልሁት፣ የመብራት መርገብገብ ብዙውን ጊዜ የአምፑሉ ሕመም ሳይሆን የአምፑሉና የመኪናው አለመግባባት መሆኑን ነው። የቀድሞው የሃሎጅን አምፑል ታጋሽ ነበር። ብርሃን የሚሰጠው ክሩ ግሎ ስለ ሆነ፣ ኤሌክትሪኩ ለቅጽበት ቢቋረጥ ክሩ ገና ሳይቀዘቅዝ መልሶ ይደርስለትና ዓይን አያስተውለውም። ኤል ኢ ዲ ግን ኤሌክትሪኩ ሲመጣ ወዲያው ይበራል፣ ሲቋረጥም ወዲያው ይጠፋል። ስለዚህ በሽቦው ውስጥ ለዓመታት ተደብቆ የኖረ ጉድለት ሁሉ አዲሱ መብራት በገባ ዕለት ይገለጣል፤ ጥፋተኛውም አዲሱ መብራት ይመስላል።

አለመግባባቱም ዐይነቱ ብዙ ነው። ትንንሾቹ መኪናዎች የሚሠሩት በ12 ቮልት ሲሆን አይሱዙዎቹ ግን በ24 ቮልት ነው። በካርቶኑ ላይ ከ9 እስከ 32 ቮልት ይሠራል ተብሎ የተጻፈበት መብራት ለሁለቱም ሊሆን ይችላል፤ 12 ቮልት ብቻ የሚለው ግን ለአይሱዙ አይሆንም። አንዳንዱ ሰው ይህን ለማምለጥ 12 ቮልቱን መብራት ከሁለቱ ባትሪዎች በአንዱ ላይ ብቻ ያስረዋል። ይህ ብልኀት ለጊዜው ያበራል፤ ነገር ግን አንዱ ባትሪ ሲደክም ሌላው ከልክ በላይ ስለሚሞላ በስተመጨረሻ ሁለቱንም ያሳጣል። በኤች 4 አምፑል ላይ ሦስት እግሮች አሉ፤ አንዱ ለአጭሩ፣ አንዱ ለረጅሙ መብራት፣ ሦስተኛው የጋራ ነው። በብዙ የቆዩ ቶዮታዎች ማብሪያው የሚቆርጠው ፖዘቲቩን ሳይሆን ኔጌቲቩን ሽቦ ስለ ሆነ የጋራው እግር ፖዘቲቭ ይሆናል፤ ለሌላው አሠራር ብቻ የተሠራ ኤል ኢ ዲ በዚህ ላይ ቢሰካ ወይ አይበራም፣ ወይ አጭሩና ረጅሙ ይደባለቁበታል። አዳዲሶቹ የአውሮፓ መኪናዎች ደግሞ ሌላ ጠባይ አላቸው። ኮምፒዩተራቸው ኤሌክትሪኩን በፍጥነት እየቆራረጠ ይልካል፤ በተጨማሪም አምፑሉ ተቃጥሎ እንደ ሆነ የሚስበውን ኀይል እየለካ ይመረምራል። በ12 ቮልት 55 ዋት የሚስበው ሃሎጅን ወደ 4 ተኩል አምፔር ይወስዳል፤ 25 ዋቱ ኤል ኢ ዲ ግን 2 አምፔር ያህል ብቻ ስለሚወስድ ኮምፒዩተሩ «አምፑል የለም» ብሎ ኤሌክትሪኩን ይቆርጥበታል። ለዚህ መድኀኒቱ በመካከል የሚገባው ማስተካከያ ዕቃ ነው፤ እርሱም ከመብራቱ ጋር አብሮ ካልመጣ ገዥው ከየት ያገኘዋል?

ዜኖንን በአጭሩ ልለፈው። በባላስቱ አማካይነት ለመለኮስ ከ20 ሺሕ በላይ ቮልት ስለሚያስፈልገውና ሲነሣ ብዙ ኤሌክትሪክ ስለሚስብ፣ ቀጭንና ያረጀ ሽቦ አይበቃውም። ብርሃኑ ወደ ሐምራዊነት አድልቶ ከተርገበገበ ግን ዕድሜው ማለቁ ነው።

ጥፋቱ ከወዴት እንዳለ ለማወቅ ብዙ ትምህርት አያስፈልግም። የሚርገበገበው አንዱ ወገን ብቻ ከሆነ የግራውን አምፑል ወደ ቀኝ፣ የቀኙን ወደ ግራ አዛውሮ ማየት ነው። መርገብገቡ አምፑሉን ተከትሎ ከሄደ ጥፋቱ የአምፑሉ ነው፤ በቀድሞ ቦታው ከቀረ ደግሞ የሶኬቱ ወይም የሽቦው ነው። ሁለቱም በአንድነት ከተርገበገቡ ዲናሞው፣ ባትሪው፣ ሪሌው ወይም ማብሪያው ይመርመር። ሞተሩ እየሠራ የ12 ቮልት መኪና ባትሪ በቴስተር ሲለካ ከ13 ቮልት ተኩል በላይ፣ የ24ቱ ደግሞ ከ27 በላይ ካላሳየ ዲናሞው አልሞላም ማለት ነው። መኪናው ጉድጓድ ሲመታ ብቻ የሚርገበገብ ከሆነ የላላ ሽቦ አለ። ለሩብ ሰዓት ያህል ደኅና በርቶ ከዚያ በኋላ የሚጀምር ከሆነ ግን ከኋላው ያለችው ትንሽ ማራገቢያ አልሠራ ብላ መብራቱ ግሎ እንደ ሆነ መጠርጠር ይገባል፤ ይህኛው በእውነት የዕቃው ጉድለት ነው።

እንግዲህ በእኛ በእህል በረንዳ ያለውን ልማድ እዩ። ጤፍ የሚገዛ ሰው በጆንያው ጎን ብረት ሰክቶ ናሙና ሳያወጣ፣ በመዳፉ ዘርግቶ ሳያይ ገንዘብ አይቆጥርም። ማኛ ተብሎ ሰርገኛ ቢገኝበት ሻጩ «የተሸጠ አይመለስም» ቢል በማግሥቱ በረንዳው ሁሉ ይሰማዋል። ሻጩም ገዥው ጤፉን ለምን እንደሚፈልገው ይጠይቃል። የመብራት ሻጭ ግን «ለምን መኪና ነው? ስንት ቮልት ነው? የቀድሞው መብራትህ ምን ዐይነት ነበር?» ብሎ ሲጠይቅ ብዙ ጊዜ አልሰማሁም። እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ግማሽ ደቂቃ አይፈጁም። በጠረጴዛው ሥር ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪ ቢያኖር ደግሞ አንዱን ብቻ ለትንሹ መኪና፣ ሁለቱን ቀጥሎ ለአይሱዙ አድርጎ መብራቱን ገዥው ፊት አብርቶ ለማሳየት ይችላል። ያን ጊዜ «ሲሸጥልኝ የተበላሸ ነበር» የሚለው ክርክር ይቀራል፤ ጽሑፉን የለጠፈው ሰው ይፈራው የነበረውም ይኸው ክርክር አይደለምን?

ከመንገድ ዳር ባለች ጠባብ ሱቅ ይህ ሁሉ የት ይቀመጣል የሚሉኝ አሉ። እውነት ነው፤ በዚያ ዐይነት ቦታ ባትሪ ማኖር ይከብዳል። ነገር ግን መብራቱ ከተሸጠ በኋላ ቦታ ተዛውሮ ተሞክሮ፣ መርገብገቡ ተከትሎት የሄደውን አምፑል ብቻ እቀበላለሁ ብሎ መወሰን ቦታ አይፈልግም። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813ም ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች ዕቃው እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት ለመጠየቅ መብት ሰጥቶታል፤ የግድግዳ ጽሑፍ ይህን መብት የሚሽር አይመስለኝም።

ከሁሉ የሚበልጠው ድርሻ ግን የአስመጪዎች ነው። ከሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ አንድ ካርቶን መብራት ለማስመጣት የሚጠይቀው ብር ምን ያህል እንደ ከፋ አንባብያን ከእኔ ይልቅ ያውቁታል። በዚያው ዓመት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለ ተወሰነ፣ በእጃችን ያሉት መኪናዎች እየታደሱ ለብዙ ዘመን መኖራቸው አይቀርም፤ የመብራቱም ገበያ ከእነርሱ ጋር ይቆያል። ትእዛዝ ሲሰጥ ከመብራቱ ጋር ማስተካከያውን፣ የሪሌውን ሽቦ፣ በኔጌቲቭ ለሚቆርጡት መኪናዎች የሚሆነውንም ዐይነት አብሮ ማዘዝ በፋክቱሩ ላይ የሚጨምረው ጥቂት ነው። በአማርኛ የተጻፈ አንድ ወረቀት በየካርቶኑ ቢገባም፣ በማያነበው ቋንቋ ከተጻፈው ይልቅ ሾፌሩን ይረዳዋል። ምክር ቤታችን ይህን ወረቀት አንድ ጊዜ በባለሙያ አስጽፎ ለአባሎቹ ቢያድል መልካም ነው እላለሁ።

በወረቀቱ ላይ ስለ ብርሃኑ አቅጣጫም አንድ ቃል እንዲገባ አሳስባለሁ። ለሃሎጅን በተሠራ ቤት ውስጥ የገባ ኤል ኢ ዲ ባይርገበገብም እንኳ ብርሃኑ ተበትኖ ከፊት የሚመጣውን ሾፌር ዓይን ያጨልማል። አዲስ መብራት ያስገባ ሰው ምሽት ላይ መኪናውን በደልዳላ ሜዳ ከግድግዳ ፊት አቁሞ፣ የአጭሩ መብራት የላይኛው ጠርዝ ከመብራቱ ከፍታ ዝቅ ብሎ መውደቁን ሳያይ፣ ጭነት ጭኖ ወደ ዓባይ በረሃ ቁልቁለት አይውረድ።